የሳንቲም ጎረቤቶች

ጠረጴዛው ያው ነው፤ አጉሊ መነጽሩም ያው ነው። ከበሩ በላይ ያለው «የብር ዕቃ ጥገና» የሚል ጽሑፍ ብቻ ዘንድሮ ተፍቆ «የሞባይል ጥገና» ተብሏል። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ንፋስ መውጫ ላይ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው የሚወርድ ሰው ባጃጅ እየጠበቀ ገባ ይልና ስክሪን ስንት እንደሆነ ይጠይቀኛል። አልፎ አልፎ ግን አንድ ገበሬ ከመቀነቱ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ያወጣና ስልኮቹ መሀል ያስቀምጠዋል። «ያ ሰውዬ የሉም?» ይለኛል። የሉም፣ እኔም ትቼዋለሁ እለዋለሁ። አንዳንዱ ቋጠሮውን ሳይፈታ ይመለሳል። አንዳንዱ ከመጣ አይቀር ይፈታዋል፤ አየዋለሁ፣ ምን እንደሆነ እነግረዋለሁ፣ መልሶ ይቋጥረዋል።

በኔ ዕድሜ ስለ ጡረታ መጻፍ ያስቃል። ጡረታ የወጣው ሥራው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እዚህ አካባቢ ሌላ የሚሠራው ሰው ስለማላውቅ እንዴት ይሠራ እንደነበር ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ያ ሰውዬ የሚባሉት ጋሽ ታፈረ ናቸው። በወጣትነታቸው ብር አንጥረኛ ነበሩ፤ ቀለበትና የአንገት መስቀል ይሠሩ ነበር። ሰዎች እንዲያቀልጡላቸው ጠገራ ብር ሲያመጡ አንዳንዱን ማቅለጥ እያሳዘናቸው በሌላ ብር ይለውጡትና ያስቀምጡት ነበር። እንዲህ እንዲህ እያሉ አሮጌ ሳንቲም ገዢ ሆኑ። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ሱቃቸው ስገባ መጀመሪያ ሚዛን እንድጠርግ፣ ቀጥሎ ገበያ እንድወጣ ተደረግሁ። ደመወዜ ትንሽ ነበር፤ ምሳ ግን ከሳቸው ጋር ነበር የምበላው። የላቲን ፊደል በደንብ የለየሁት ከክፍል ይልቅ በጠገራ ብር ዙሪያ ካለው ጽሑፍ ላይ ነው። የቀረውን ከስልክ አነበብኩ።

ዋናው ደንበኛችን ባሕር ዳር የሚኖር ጡረተኛ ፋርማሲስት ነበር። የሀገሩን ሳንቲም በየዘመኑ ደርድሮ የጨረሰ ሰው ነው። ጨርሶ ምን እንደሚያደርግ ግራ ሲገባው ጋሽ ታፈረ አንድ ሐሳብ ሰጡት። ከሳንቲሞቹ ጎን በዚያው ዘመን ሰው በእጁ የያዘውን፣ ደረቱ ላይ የለጠፈውን፣ ከከረጢቱ ያሰረውን ነገር ለምን አታስቀምጥም አሉት። እነዚህን ዕቃዎች «የሳንቲም ጎረቤቶች» ይሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ሥራችን ጎረቤት ፍለጋ ሆነ።

ጎረቤቶቹ እነዚህ ናቸው። ማርካ፦ ቡና ቤት ውስጥ አስተናጋጁ ከገንዘብ ተቀባይዋ እየገዛ ሻይና ቢራ የሚያወጣበት ቁራጭ ብረት፤ የድሮዎቹ ላይ የቡና ቤቱ ስም ፊደል በፊደል በእጅ የተመታ ነው። የወፍጮ ቤት ቁጥር፦ ከገብሱ ስልቻ አፍ ላይ የሚታሰር፣ ቁጥሩ በሚስማር የተበሳ ቆርቆሮ። የአውቶቡስ ሻንጣ ምልክት። የዕድር ባጅ። የትምህርት ቤት ሩጫ ሜዳሊያ። የወታደር ኒሻን። ከየቤቱ ግድግዳና ከየሣጥኑ ግርጌ ይወጣሉ። ብዙ ሰው ሳንቲሙን እንጂ እነዚህን ዕቃ ብሎ አይቆጥራቸውም፤ የምጠይቀው ነገር ሲገባው ይስቅብኝ ነበር። ወገዳ ገበያ ላይ አንዲት ጠላ ሻጭ «ቆርቆሮ የሚገዛው ጎረምሳ መጣ፤ የጣራችሁን ክዳን ጠብቁ» እያለች ገበያውን ታስቅብኝ ነበር። የመጀመሪያዋን ጥሩ ማርካ ያገኘሁት ግን ከሷ ነው፤ የእንስራ መክደኛዋን ትደግፍባት ነበር።

ጋሽ ታፈረ ሥራ የሚያስተምሩት በመናገር አይደለም። ያደርጉታል፣ ካየህ አየህ። ምንም ዕቃ በሎሚና በአመድ አይታሽም። በላስቲክ አይጠቀለልም፣ አረንጓዴ ዝገት ያወጣልና፤ የሚጠቀለለው በታጠበ አቡጀዲ ነው። የቤተ ክርስቲያን የሆነ ነገር ሱቁ አይገባም። አንድ ጊዜ በቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት በኩል ስመለስ አንድ የቆሎ ተማሪ መስቀል የተቀረጸበት ጠገራ ብር ሊለውጠኝ ሲል ተቀብዬ አመጣሁት። አዩትና ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። በማግስቱ ራሴ ወስጄ ለመምህሩ አስረከብኩ።

ከልማዶቻቸው ሁለቱ ለዚህ ታሪክ ያስፈልጋሉ። አንደኛው ክር ነው። ማንኛውም ቀዳዳ ወይም ጆሮ ያለው ዕቃ ሲመጣ ከመመዘናቸው በፊት በጥቁር ክር ያንጠለጥሉትና ዝም ብለው ያዩታል። ዕቃው ይሽከረከራል፣ ይዞራል፣ ይቆማል። የት እንደተፋተገ ያኔ ይታያል ይሉ ነበር። ደረት ላይ የኖረ ሜዳሊያ ጀርባው በጨርቅ ይለሰልሳል። ስልቻ ላይ የታሰረ ቁጥር ቀዳዳው ወደ አንድ ወገን ይሰፋል። እኔ ሚዛን ነበረኝ፣ የስልክ ካሜራ ነበረኝ፣ በመቶኛ ግራም የምጽፍ ሰው ነበርኩ። ክሩን እንደ ሽማግሌ ትዕግሥት ቆጥሬው ነበር።

ሁለተኛው የለቅሶ ቃል ነው። በኛ አገር ሰው ሲሞት በለቅሶው ዕለት ጠመንጃው፣ ልብሱ፣ ኒሻኑ ወጥቶ በሰው ፊት ይዞራል። አልቃሿ እሱን እያየች ነው ሟቹን የምታነሣው። ስለዚህ ጋሽ ታፈረ ባለቤቱ በሕይወት ካለ ሰው ኒሻንም ሆነ ሜዳሊያ ሲገዙ እንዲህ ይላሉ፦ «የለቅሶዎ ዕለት ዕቃው ይመጣል። ቤተሰብዎ ካለቀሰበት በኋላ ይመልስልናል።» የሚገዛውም ደንበኛ ይህን ተስማምቶ ነው የሚገዛው። የባሕር ዳሩ ሰውዬ መጀመሪያ ስቆ ነበር፤ በኋላ ሁለት ጊዜ ዕቃ ልኮ ሁለቱም በሰላም ሲመለሱለት ለእንግዶቹ የሚያወራው ስለዚሁ ሆነ።

አያ ደምሌን ያገኘኋቸው በዚህ ሥራ ነው። ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለ ቁልቁለት ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ስመ ጥር የሆኑት በእርከን ሥራ ነው። ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን ያስቀረውን ዳገት ከጎረቤቶቻቸው ጋር እርከን በእርከን መልሰውታል። ለዚህም የአርሶ አደሮች በዓል ላይ ሜዳሊያ ተሰጥቷቸዋል፤ ቢጫ ቅብ ብረት፣ ፊቱ ላይ በሬና ስንዴ፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ። ያን ዓመት ብዙ ሰው ያንኑ ሜዳሊያ ወስዷል። የባሕር ዳሩ ሰውዬ ከአዲሶቹ ሳንቲሞች ጎን የሚያስቀምጠው አንድ ፈልጎ ነበር።

አያ ደምሌ እግራቸው ታሞ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሜዳሊያውን ያመጣችልኝ ልጃቸው እትዬ ጥሩዬ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አባቷ ቤት ተመልሳ እርሻውን የያዘችው እሷ ነበረች። ሜዳሊያው በጥብጣብ ፈንታ በሲባጎ ታስሯል። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና እኔ ከእንግዲህ ዳገት አልወጣም፣ ሰው የሚያየው ቦታ ካስቀመጣችሁት ውሰዱት አሉኝ። የለቅሶውን ቃል ሰጠሁ። «በጋሽ ታፈረ ስም ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው ሞቼ አየዋለሁ» ብለው ሳቁ። እትዬ ጥሩዬ አልሳቀችም። «ለቅሶው ላይ ከቀረ አንተን ነው የምጠይቅህ» አለችኝ።

ሱቅ ገብቼ መዘንኩት፣ ፎቶ አነሣሁት። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ ጠፍቷል። ከታች ደግሞ፣ ልክ ከጆሮው ትይዩ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጥርስ ተቆርጦበታል። እንዲህ ዓይነት ቁርጥ ለኛ አዲስ አይደለም። እዚህ አገር ብር ይሁን አይሁን ሊያረጋግጥ የፈለገ ሁሉ የጠገራውን ጠርዝ በሞረድ ነክሶ ያየዋል፤ በየሳምንቱ እናገኛለን። ወርቅ መስሎት የነከሰው ሰው አለ ብዬ ደመደምኩ። «ጠርዙ ተሞክሯል፣ ጀርባው ተፍቋል» ብዬ ከፎቶው ሥር ጻፍኩ። ሲባጎውንም ፈትቼ ጣልኩት።

በዚያው ወር ሌላ ገበሬ የሟች አባቱን ያንኑ ዓይነት ሜዳሊያ ከነጥብጣቡ፣ ከነሣጥኑ አመጣልኝ፤ የአባትየው ለቅሶ አልፏል። አንድም ጭረት የለውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ለካሁ፤ ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው። ንጹሑን ወደ ባሕር ዳር ላክሁ። የአያ ደምሌን ከሌሎች የተበላሹ ዕቃዎች ጋር እስቴ ለሚኖር አንድ ነጋዴ በሁለት ማርካ ለወጥኩት። ጋሽ ታፈረ ያኔ ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ግዢውን ለኔ ትተውታል። ለቅሶው ሲመጣ ንጹሑን አስመጥቼ እወስዳለሁ፤ እንዲያውም የተሻለ ያምራል ብዬ አሰብኩ። ልቤ ውስጥ ተንኮል አልነበረም። አንድ ዓይነት ዕቃ አንድ ዓይነት ነው ብዬ ነው።

አያ ደምሌ ከክረምቱ በኋላ ሞቱ። እትዬ ጥሩዬ ደውላ የለቅሶውን ዕለት ነገረችኝ። የባሕር ዳሩ ሰውዬ ሜዳሊያውን በሚኒባስ ላከው፤ በአቡጀዲ ጠቅልዬ ወገዳ ወረድኩ።

ለቅሶው ደጃፋቸው ላይ ነበር። አያ ደምሌ ጠመንጃ አልነበራቸውም። ከልብሳቸውና ከበትራቸው ጋር አብረዋቸው እርከን ያወጡ ሰዎች አንድ የእንጨት ነገር ተሸክመው ገቡ፤ ሁለት ረጃጅም እግሮች አናታቸው ላይ ተጋጥመው መሀላቸው አግዳሚ ያለው። የእርከኑ መስመር ውኃ እንዳያፈስ ልኩን የሚይዙበት መለኪያ ነው፤ «ባለ ሁለት እግሩ» ይሉታል። ከአናቱ ክር ተንጠልጥሏል። የክሩ ጫፍ ባዶ ነው።

እትዬ ጥሩዬ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ መጣችና እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። አቡጀዲውን ገለጠች፣ አላየችውም፤ በአውራ ጣቷ የታችኛውን ጠርዝ ዳሰሰች። እንደገና ዳሰሰች።

«ጥርሱ የታለ?»

ያን ጊዜ ባለ ሁለት እግሩን አየሁት። አግዳሚው መሀል ላይ በቢላዋ የተቀረጸ መስመር አለ። በመስመሩ ዙሪያ እንጨቱ በሳንቲም ስፋት ልክ ለስልሶ ጎድጉዷል። ሜዳሊያው እዚያ ክር ጫፍ ላይ ነበር የኖረው። አያ ደምሌ ለእርከን የተሰጣቸውን ሜዳሊያ የእርከኑ ቱንቢ፣ ክሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ክብደት፣ አድርገውት ነበር። ጥርሱን ራሳቸው ሞርደው ያወጡት መስመሩን እንዲያመለክት ነው፤ ጀርባውን የፋቀው አግዳሚው ነው።

«ይኼ የሱ አይደለም» አለች።

አንድ ዓይነት ነው፣ ከአንድ ቅርጽ የወጣ ነው አልኳት። በሰው ፊት ከተናገርኩት ነገር ሁሉ መልሼ ብውጠው የምወደው ይህንን ነው።

«የጎረቤቴም አባት ሰው ነው» አለችኝ፤ ድምጿን ሳታነሣ። «እሱን አምጥቼ ላልቅስ?»

መለኪያውን ከተሸከሙት አንዱ፣ አያ ይስማው የሚባሉ ሽማግሌ፣ ሜዳሊያውን ከእጇ ወስደው ወደ ፀሐይ አዞሩት። «ይኼስ ዳገት አይቶም አያውቅ። ሙሽራ ነው» አሉና መለሱልኝ። ሁለት ሦስት ሰው በለቅሶ ላይ እንደሚሳቀው ሳቅ አለ። ከደጃፉ ሥር ጠጠር አንሥተው ክሩ ጫፍ ላይ አሰሩ። ሜዳሊያው ከመሰጠቱ በፊትም የሚጠቀሙት ጠጠር ነበር አሉ። ለቅሶው በጠጠር ዞረ። አልቃሿም የጎደለውን ነገር ሳትነካ አላለፈችም፤ ቃል ሰጥቶ ስለቀረ ሰው ያወጣችውን ሙሾ ሰው ሁሉ ተቀበላት። ስሜን አልጠራችም። አያስፈልግም ነበር፤ እዚያ ያለው ሁሉ ያየኛል።

ለጋሽ ታፈረ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ንጹሑን ሜዳሊያ እንድሰጣቸው ጠየቁ፣ በጥቁር ክር አንጠለጠሉት፣ ብዙ የማያይ ዓይናቸውን አቅርበው ቆዩ።

«ያኛውን አንጠልጥለኸው ነበር?»

«መዘንኩት እንጂ።»

«ብታንጠለጥለው ጥርሱ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ያመለክትህ ነበር። ወርቅ የሚሞክር ሰው ባገኘው በኩል ይነክሳል እንጂ ልኩን አይፈልግም።» ክሩን ከጣታቸው ፈቱ። «ቃሉን የሰጠኸው በኔ ስም ነው። ፈልገህ ታመጣዋለህ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሱቁ የመጨረሻው ነበር። የጋሽ ታፈረ ዓይን ጨርሶ ሲደክም ልጆቻቸው ወሰዷቸው። ጠረጴዛውንና መነጽሩን ለኔ ተዉልኝ። እኔ ስልክ መጠገን እየተማርኩ በገበያ ቀን እስቴ እመላለስ ነበር። ነጋዴው የተበላሹትን ዕቃዎች በሙሉ ለአንድ ኮርቻ ሠሪ ሰጥቷቸዋል። ኮርቻ ሠሪው የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ የበቅሎ ደረት ጌጥ ላይ ይሰፋዋል፤ ለማን ምን እንደሰፋ አያስታውስም። ስለዚህ በቅሎ ማየት ጀመርኩ። ገበያ ዳር ቆሞ የበቅሎ ደረት የሚመለከት ሰው ምን እንደሚባል መገመት አያዳግትም። አንዱ ሊገዛ ነው ሲል ሌላው ሊሰርቅ ነው ይላል።

ያገኘሁት በሠርግ ሰሞን ነው። በቅሎዋን ለሙሽራ የሚያከራይ ሰው ነበር ባለቤቱ። በቀይ ክር የተሰፉ ቁልፎችና የቆርቆሮ ክቦች መሀል ቢጫው ግማሹ የለቀቀ ሜዳሊያ አለ። ጌጡን ትንሽ እንዲያላላልኝ ለመንኩትና ጥቁር ክር በጆሮው አሳልፌ አንጠለጠልኩት። ዞረ፣ ተመለሰ፣ ቆመ። ጥርሱ ወደ መሬት ያመለክታል።

ታሪኩን ነገርኩት። ሰውዬው ሰምቶ ሲጨርስ «እኔ እሺ ልበልህ፤ በቅሎዋ ግን ያለ ጌጥ ሠርግ አትሄድም» አለኝ። ንጹሑን ከኪሴ አወጣሁለት። ከነጥብጣቡ። በቅሎዋ ደረት ላይ ሲሰፋ እውነትም ያምር ነበር። የባሕር ዳሩ ሰውዬ ጉዳዩን ስነግረው ጥቂት አኩርፎ ቆየና የዚያን ሜዳሊያ ቦታ ባዶ ትቶ ሣጥኑን ዘጋው። ሰው ሲጠይቀው «ሥራ ሄዷል» ይላል አሉ።

ወገዳ ስደርስ እትዬ ጥሩዬ ዳገቱ ላይ ነበረች። በክረምቱ ጎርፍ የላይኛው እርከን መሀሉ ተቀዶ አፈሩ ታች ተከምሯል። አያ ይስማውና ሌሎች ሁለት ሰዎች ድንጋይ ይለቅማሉ። ባለ ሁለት እግሩ ጠጠሩን እንዳንጠለጠለ ቆሟል። አቡጀዲውን ሰጠኋት። አሁንም አላየችውም፤ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ጥርሱ ላይ ጣቷ ቆመ።

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት አልጠበቀችኝም። «ለለቅሶው ቀርቷል» አለች። «ለእርከኑ ደርሷል። ና፣ ያንን እግር ያዝ።»

ጠጠሩን ፈትታ ጣለችው። ሜዳሊያውን ክሩ ጫፍ ላይ አሰረችው። እኔ አንዱን እግር ያዝኩ፣ አያ ይስማው ሌላውን። ሜዳሊያው አግዳሚውን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ ተወዛወዘና የለሰለሰው ጉድጓድ ላይ ገብቶ ዝም አለ። ጥርሱ ከመስመሩ በስተ ግራ ሆነ። «ወደ ላይ፣ ወደ ላይ» አለች። እግሩን ትንሽ አነሣሁ። «በቃ። እዚያ ድንጋይ አስቀምጡ።» ቀጠልን። በየርምጃው ቀጭ ይላል፣ ይቆማል፣ ድንጋይ ይቀመጣል። እስከ ምሳ ድረስ እንዲሁ ሄድን።

ለምሳ ስንቀመጥ ነው ነገሩን ያነሣችው። «ካለቀሳችሁበት በኋላ ትመልሱታላችሁ ነበር ያልከው። አንተ እንኳ ብትዘገይ እኔ ቃሌን አላፈርስም። መቼ ትወስደዋለህ?»

«እርከኑ ሲያልቅ» አልኳት።

አያ ይስማው ዳቦውን አስቀምጠው ሳቁ። እሷ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ ዳገቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከእርከኑ በላይ ገና ያልተነካ ቁልቁለት አለ፤ ከሱ በላይ ሌላ አለ።

«እሱማ አያልቅም» አለችኝ።

«እኔም አልቸኩልም» አልኳትና ጠዋት ይዤው የነበረውን የመለኪያውን እግር ላነሣ ተነሣሁ።